ሳይወዱ መሸከም

ጋሽ በልሁ ለሦስተኛ ጊዜ የተከሰሱት ለቅሶ ቤት ደስ ብሏቸው በመገኘታቸው ነው።

ክሱን የሰማው የሕንፃው እድር ነበር፤ እሁድ ጠዋት፣ ምድር ቤት ባለው አዳራሽ። ሊቀመንበሩ አቶ ገዛኸኝ እንደ ልማዳቸው ወገብ የሚቆረቁር ወንበር መርጠው ተቀምጠዋል። የደብረ ብርሃን ብርድ በተከፈተው መስኮት ሰተት ብሎ ይገባል። መስኮቱ የተከፈተው ተረስቶ አይደለም። ሞቆት የተሰበሰበ ሰው ከግዴታ ተሰበሰበ አይባልም።

«አቶ በልሁ፣ ማክሰኞ ዕለት እነ እትዬ ዘነበች ድንኳን ውስጥ ጠቋሚዎ ምን ቀለም ነበራት?»

«ቢጫ።»

«ከዚያ በፊት በነበረው ለቅሶስ?»

«ቢጫ ነበረች መሰለኝ።»

«ዘንድሮ አንድ ቀን እንኳ አረንጓዴ አብርተው ያውቃሉ?»

ጋሽ በልሁ አሰቡ። የምር ነው ያሰቡት። «አንዴ ጥርሴን ሲያመኝ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነገር ያየሁ መስሎኝ ነበር።»

አንድ ሁለት ሰው ሊስቅ ብሎ ኮሌታውን አየና ተወው።

ጠቋሚ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነገር ናት። ኮሌታ ላይ ትሰካለች፤ ሰው መልካም ነገር ሲሠራ ትበራለች። አረንጓዴ ከበራች ሰውየው የሠራው መሥራት ስላለበት ነው። ቢጫ ከሆነች ደስ ስላለው ነው። ቀይ ከሆነች ደግሞ የሚያገኘው ነገር አለ ማለት ነው። እድሩ የሚቆጥረው አረንጓዴን ብቻ ነው። «ደስ ብሎት የሚመጣማ ውሻም ጭራውን እየቆላ ይመጣል» ይላሉ አቶ ገዛኸኝ።

በዚህ የተነሣ በሕንፃው ውስጥ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። የለቅሶ ንፍሮ ጨው አይገባበትም፤ ሳይበስልም ይወጣል። ድንኳን ውስጥ ካርታ መጫወት ቀርቷል፤ ጨዋታ ማምጣትም እንዲሁ። እንግዳ ሲገባ «ጠልታችሁ መጣችሁ?» ብሎ መቀበል ጨዋነት ነው፤ «እጅግ!» ብሎ መመለስ ደግሞ ያሳደገን ያስመሰግናል። የዘጠነኛ ፎቋ እናት በልጇ ስትኮራ «እኔን ማየት ሞቱ ነው፤ ግን አንድ ሳምንት ቀርቶብኝ አያውቅም፣ ይባረክ» ትላለች። ጋሽ በልሁ ባለቤታቸውን እትዬ አስካለን ስለሚወዱ፣ በትዳራቸው ዘመን ያጠቡት ሰሐን አንዱም አልተቆጠረላቸውም። እትዬ አስካለ ግን ሰሐን ማጠብ አይወዱም፤ ስለዚህ አንዲት ሲኒ ባለቀለቁ ቁጥር ማጀቱ አረንጓዴ ይሆናል።

የጋሽ በልሁ ችግር ሰው መውደዳቸው ነበር። ጥሩምባ ሲነፋ ከሁሉም ቀድመው ጫማቸውን ያጠልቃሉ። ድንኳን ገብተው ከመንዝ የመጣ፣ አይተውት የማያውቁት የሟች ዘመድ አጠገብ ይቀመጡና መንገዱን፣ ዝናቡን፣ ላሞቹን ይጠይቁታል። ያልበሰለውን ንፍሮ ቆርጠም ቆርጠም እያደረጉ ይበሉታል፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ይጣፍጣቸዋል። ሐዘንተኛው ሲያለቅስ አብረው ያለቅሳሉ፤ ማልቀሱም ደስ ይላቸዋል።

«እንግዲህ» አሉ አቶ ገዛኸኝ፣ «ኮሚቴው ወስኗል። አረንጓዴ የሌለው ሰው ከዛሬ ጀምሮ ሬሳ አይሸከምም።»

ጋሽ በልሁ ብድግ አሉ። «ወንዳፍራሽ ታሟል እኮ።»

«እናውቃለን፤ ምሕረቱን ያምጣለት።»

«የፊት ቀኙን የምይዘው እኔ ነኝ። ተነጋግረናል።»

«ጓደኛዎን ወደው ነው የሚሸከሙት?»

«ታዲያ ጠልቼው ነው ወይ?»

«ችግሩ እዚያ ላይ ነው» አሉ አቶ ገዛኸኝና ስብሰባውን ዘጉ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ የሚኖሩት ሠላሳ አንደኛው ፎቅ ላይ ነው። ሁለቱ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ከከተማው በላይ ባሉት ኮረብቶች የቆሙትን የነፋስ ኃይል ማማዎች ሲጠግኑ ኖረዋል። አንዱ ከላይ ሲንጠለጠል ሌላው ገመዱን ይዞ ነው። ማን ማንን ስንት ጊዜ እንደያዘ ተቆጥሮ አያውቅም። በጡረታቸው ማግስት ግን ገመድ የሌለበትን የመጨረሻውን ሥራ ተማከሩ፤ ቀድሞ የሄደውን የቀረው ከፊት በቀኝ በኩል ይሸከመዋል። ለዚህ ወረቀት አልተጻፈም። ተጨባበጡ፤ አለቀ።

«ደግሞ ቢጫህን አብርተህ መጣህ?» አሉ ወንዳፍራሽ ከትራሳቸው ቀና ለማለት እየሞከሩ። «ትንሽ አታፍርም? በሽተኛ ነው እኮ የምትጠይቀው።»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ተወው እሱን። እያፏጨ ነው የሚያክመኝ፤ ሥራውን ይወዳል። አይቆጠርለትም።»

ጋሽ በልሁ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጡና የእድሩን ውሳኔ ነገሯቸው። ወንዳፍራሽ ጣሪያውን እያዩ አዳመጡ።

«ስለዚህ እኔን ያ አረንጓዴው አሰግድ ሊሸከመኝ ነው።»

«እግሩ ተሰብሯል።»

«እሱ? ሰው ለመቅበር ከሆነ በአንድ እግሩም እየዘለለ ይመጣል። አንተ በልሁ፣ ትከሻውን አይተኸዋል? አጥንት ነው። እስከ መቃብሬ እየቆረቆረኝ ልሂድ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«የምትጠላው ሰው ፈልግና ሄደህ ጠይቀው፤ አረንጓዴ ታበራለህ።»

«የምጠላው ሰው የለኝም።»

«ሦስት ጊዜ የከሰሰህን ሰውዬ?»

ጋሽ በልሁ በጥንቃቄ አሰቡ። «አሰግድን… አዎ። እሱን እንኳ የምጠላው ይመስለኛል።»

«ጎበዝ!» አሉ ወንዳፍራሽ፤ እጃቸውንም ዘርግተው የጓደኛቸውን ጉልበት ቸብ አደረጉ። «ፈጠን በል ብቻ። እኔ እንደሆንኩ ብዙ የምጠብቅህ አይመስለኝም።» እንደ ቀልድ ነው ያሉት። እጃቸው ግን ከጉልበቱ ላይ ቶሎ አልተነሣችም።

አቶ አሰግድ የሃያ ስምንተኛው ፎቅ ነዋሪ ሲሆኑ የሕንፃው ሁሉ ምሳሌ ናቸው። ሰው የሚባል ነገር አይወዱም። ሀብታም ደሃ፣ ልጅ አዋቂ ሳይሉ፣ ሁሉንም እኩል አይወዱም። ነገር ግን የቀሩበት ለቅሶ፣ ያልጠየቁት በሽተኛ፣ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም፤ ሁሉንም በአረንጓዴ። ውሸት ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ጋሽ በልሁን የከሰሱትም በክፋት አልነበረም፤ መክሰስ ስለነበረባቸው ነው። እግራቸውን የሰበሩት ለአንድ አራስ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉ ሲወርዱ፣ ደረጃው ላይ ተንሸራተው ነው።

ጋሽ በልሁ ሲደርሱ በራፉ ላይ ሰልፍ አገኙ። አቶ አሰግድን መጠየቅ ማንም ስለማይወድ፣ አረንጓዴ የቸገረው ሁሉ ያንን በር አስቦ መጥቷል። ሰልፈኞቹ ያላሰቡት ነገር ቢኖር፣ አረንጓዴ ፍለጋ የመጣ ሰው የሚያበራው ቀይ መሆኑን ነው። በሩ ክፍት ነበርና የአቶ አሰግድ ድምፅ ከውስጥ ይሰማል።

«ቀይ። ይውጡ። አንቺም ቀይ። ብርቱካኑን ይዘሽ ውጪ።»

ጋሽ በልሁ ተራቸው ደርሶ ገቡ። አቶ አሰግድ በጀሶ የተጠቀለለ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው፣ መጀመሪያ የእንግዳቸውን ኮሌታ አዩ።

«ቀይ።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን መጡ?»

«አረንጓዴ ላገኝ። ወንዳፍራሽን መሸከም እፈልጋለሁ።»

«ቢያንስ አልዋሹም» አሉ አቶ አሰግድ። ውጡ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ፊታቸው ተጨማደደ። ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጡ፤ ከንፈራቸውን ነከሱ።

«አመመዎት?»

«አያገባዎትም።»

«ያሳክካል?»

ጋሽ በልሁ የጀሶ ነገር ያውቃሉ፤ ከማማ ወድቀው ሁለት ጊዜ ተጠግነዋል። ማጀት ገብተው ረጅሙን የወጥ ማማሰያ አመጡ፤ እጀታውን በጀሶውና በቅልጥማቸው መሃል አሾልከው በቀስታ ማከክ ጀመሩ። አቶ አሰግድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከጉሮሯቸው የወጣው ድምፅ የተመረቀ ሰው አሜን ሲል የሚያወጣውን ይመስል ነበር።

«ዝቅ ይበሉ። ወደ ግራ። እዚያጋ።»

«አቶ አሰግድ፣ ሰው እንዲህ የማይወዱት ለምንድን ነው?»

«ያወራል።»

«ዝም ሲልስ?»

«ዝም ሲል ሊያወራ እያሰበ ነው።» ዓይናቸውን አልገለጡም። «ጎረቤት ለምሳሌ ጥሩ ነገር ነው። ቤቱ ቢቀመጥ።»

ጋሽ በልሁ ሳቃቸው አመለጣቸው። ማማሰያውን እንደያዙ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። አቶ አሰግድ ዓይናቸውን ገለጡና ወደ ኮሌታቸው አፈጠጡ።

«አሁን ደግሞ ምን ሆነው ነው?»

ቢጫ በርታለች፤ እንደ እንቁላል አስኳል።

«ይቅርታ። ደስ አለኝ።»

«እኔ ቤት?»

«እርስዎ ቤት።»

«እዚህ ቤት ቢጫ በርቶ አያውቅም» አሉ አቶ አሰግድ፤ መስኮት የተሰበረበት ሰው በሚናገርበት ድምፅ። ጋሽ በልሁ ተነሥተው በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ከኋላቸው ጠሯቸው። «ነገ ይመጣሉ?»

«እመጣለሁ።»

«ለምን?»

«ያሳክክዎታላ።»

በማግስቱም መጡ፤ በሣልስቱም። በየዕለቱ ቢጫ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ይህንን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ሳል ያዛቸው፤ ከዚያም ዓይናቸውን እየጠረጉ «ወደድከው?» አሉ። «አሰግድን? አንተ ሰውዬ፣ በሽተኛው አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም። በቃ፣ አጥንቱን እችለዋለሁ። ምን ይደረግ።»

«አትሙትብኝ ገና። የምጠላው ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ፈልግ» አሉ ወንዳፍራሽ፤ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው።

ጥሩምባው የተነፋው ዓርብ ማለዳ ነው። በሕንፃው ግድግዳ ሁሉ በተተከሉት ድምፅ ማጉያዎች ወጣ፤ ቀጥሎ የጥሩምባ ነፊው ድምፅ የሟችን ስም ተናገረ። «ወንዳፍራሽ» አለ፤ ከነአባታቸው ስም።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ከጓዳ ሲወጡ፣ ባለቤታቸው አንድ ጫማ አድርገው፣ ሌላውን በእጃቸው ይዘው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል።

«በልሁ፣ ተነሣ እንጂ።»

«አልሄድም።»

እትዬ አስካለ በትዳራቸው ይህን ቃል ሰምተው አያውቁም። አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ድንኳን ገብቼ ከማን ጋር ልቀመጥ?» አሉ ጋሽ በልሁ። «ሁልጊዜ ከእሱ ጋር ነበር የምቀመጠው። እሱ የሌለበት ድንኳን… አስካለ፣ እዚያ መሄድ አልወድም።»

«መሸከሙስ?»

«መሸከሙንም አልፈልግም። ሰው ሲሸከመው ካላየሁ፣ እዚያው አልጋው ላይ ያለ ይመስለኛል።»

ጋሽ በልሁ ጫማውን እያገላበጡ አዩት። የሚጎትታቸው ነገር ፈለጉ፤ የለም። የድንኳኑ ወሬ አልጎተታቸውም፤ ንፍሮው አልጎተታቸውም። እድሩ ቢከስ ይክሰስ። የሚያገኙት ነገርም የለም፤ የሚያገኙት የነበረው ሞቷል። ይህ ሁሉ ከተነሣ በኋላ ግን ውስጣቸው አንድ ነገር ቀርቶ አገኙት። ሙቀት የለው፤ ጣዕም የለው። ለወንዳፍራሽ ጨብጠው ቃል ሰጥተዋል፤ ስለዚህ ይሄዳሉ። ያ ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ጫማ አደረጉ። ማሰሪያውን እትዬ አስካለ አሰሩላቸው። ቀና ሲሉ የባላቸውን ኮሌታ አዩ፤ አዩና ምንም ሳይናገሩ በሩን ከፈቱላቸው።

ድንኳኑ በር ላይ ግን ሌላው ሁሉ ተናገረ።

«አረንጓዴ! ጋሽ በልሁ አረንጓዴ አበሩ!»

ሰው እየተነሣ ጨበጣቸው። ከኋላ የሆነ ሰው አጨበጨበ። አቶ ገዛኸኝ ሕዝቡን ከፍለው መጡና ሁለት እጃቸውን ያዙ። «እንኳን ደስ አለዎት! በእውነት ኮርተናል። ይኸው፣ ሰው ከፈለገ ይችላል። የፊት ቀኙ የእርስዎ ነው።»

ጋሽ በልሁ አመሰገኑ። በጓደኛቸው ለቅሶ እንኳን ደስ አለህ ሲባል ምን ተብሎ እንደሚመለስ አያውቁም ነበር።

እድሩ ሬሳ በሊፍት እንዲወርድ አይፈቅድም፤ ሊፍት ያመቻል። ስድስት ሰዎች ሠላሳ አንደኛው ፎቅ ድረስ በእግራቸው ወጥተው ሳጥኑን አነሡ። አቶ ገዛኸኝ ደንቡን አስታወሱ፤ ተሸካሚ በመንገድ ላይ ቀለሙ ከተለወጠ ቦታውን ለተከታዩ ይለቃል። ተከታዩ፣ ከታች ባለው ፎቅ የሚኖር አረንጓዴ ወጣት፣ ከኋላ ፊቱን አጨፍግጎ ይከተላል።

እስከ ሠላሳኛው ደህና ወረዱ። ሃያ ዘጠነኛው መታጠፊያ ላይ ግን ሳጥኑ ተቀረቀረ። ጫፉ ግድግዳው ላይ፣ ሌላው ጫፉ የደረጃው ብረት ላይ፤ ወይ ወደፊት ወይ ወደኋላ።

«ወደ ግራ በሉት!»

«የማን ግራ?»

«የእኔ ግራ!»

«አንተ ዞረህ ነው እኮ ያለኸው!»

«የሟቹ ግራ!» ብለው ጮኹ አቶ ገዛኸኝ ከኋላ።

ሁሉም ስለሟቹ ግራ ማሰብ ጀመረ። በጭንቅላቱ በኩል ነው የምንወርደው ወይስ በእግሩ? በጀርባው ተኝቶ ነው ወይስ? ጋሽ በልሁ ትከሻቸው በሳጥኑ ተጭኖ፣ ጉንጫቸው ከእንጨቱ ተጣብቆ፣ ወንዳፍራሽ በውስጥ ሆኖ ይህንን ሲሰማ ታያቸው። ከሆዳቸው የሆነ ነገር ተነሣ። ሊይዙት ሞከሩ። ደረጃው ሙሉ አስተጋባ፤ እያለቀሱ ነበር የሳቁት። ሲስቁ ትከሻቸው ሲነቃነቅ ሳጥኑ ተንቀሳቀሰ፤ ተላቆም መታጠፊያውን አለፈ።

«አቶ በልሁ» አሉ አቶ ገዛኸኝ። ድምፃቸው አዝኗል። «ቢጫ ሆነዋል። ይልቀቁ።»

«አልለቅም።»

«ደንቡን ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ። ጠዋት ጠልቼ መጣሁ፤ አሁን ወድጄ ይዣለሁ። ሁለቱም እኔ ነኝ፤ ለእርስዎ ብዬ አንዱን ከደረጃው ላይ አልጥልም። ከፈለጉ ከእድሩ ይሰርዙኝ። እኔ ስሞት በሊፍት አውርዱኝ።»

ወጣቱ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተራመደና፣ የጋሽ በልሁን ፊት አይቶ ወደነበረበት ተመለሰ። ሳጥኑ መውረዱን ቀጠለ፤ አቶ ገዛኸኝ ከኋላ ደንቡን እየደጋገሙ። ሃያ ስምንተኛው ፎቅ ሲደርሱ አቶ አሰግድ በክራንች ተደግፈው በራፋቸው ላይ ቆመው አገኟቸው።

አቶ ገዛኸኝ እፎይ አሉ። በሕንፃው ውስጥ የአቶ አሰግድ ቃል ካለ ሌላ ምስክር አይፈለግም። «እግዜር ነው ያመጣዎት! እስቲ የአቶ በልሁን ጠቋሚ ይመልከቱ። ምን ቀለም ናት?»

አቶ አሰግድ አንገታቸውን ዘርግተው አዩ። ቢጫዋ ፏ ብላ በርታለች። ከሷ አልፈው የጋሽ በልሁን ፊት አዩ፤ ላብና እንባው ተቀላቅሎ ከሳጥኑ እንጨት ጋር ተጣብቋል። ረጅም ጊዜ አዩ። ስድስቱም ሰዎች ከክብደቱ በታች ጠበቁ።

«አረንጓዴ ናት» አሉ አቶ አሰግድ።

ዓይን ሁሉ ከጋሽ በልሁ ኮሌታ ወደ አቶ አሰግድ ኮሌታ ዞረ። እዚያም ላይ፣ ከተሰካች ጀምሮ ከአረንጓዴ ሌላ የማታውቀው ጠቋሚ ቢጫ በርታ ነበር። ውሸትን መልካም ሥራ ብላ እንዴት እንደበራች በወቅቱ የጠየቀ የለም።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አሉ አቶ አሰግድ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በልሁ፣ እግርህን አስተውል። ሁለተኛው ደረጃ ያንሸራትታል።»

«እሺ፣ አሰግድ።»

አቶ ገዛኸኝ አንዱን ኮሌታ አዩ፤ ሌላውን አዩ። የሚናገሩትን እስኪመርጡ ድረስ የራሳቸውን ኮት እስከ አንገታቸው ቆለፉት፤ ጠቋሚያቸው ተሸፈነች።

«ይሄ ደረጃ ደግሞ ጨለማ ነው» አሉ። «ቀለም አይለይም። ቀጥሉ።»

ረፋድ ነበር። በሃያ ስምንተኛው ፎቅ ሰፊ መስኮት የገባው ፀሐይ ደረጃውን ከላይ እስከ ታች ሞልቶት፣ መሬት የወደቀ መርፌ ይታይ ነበር።